ዶክተር ዋቅጅራን ልሞግት መቱ የወረድኩበት ሳምንት

ደብረ ብርሃን የቀራችሁ ዘመዶቼ ስለ መቱ ሁለት ነገር ትጠይቁኛላችሁ። እውነት ዝናቡ አያባራም? ሽማግሌውስ ምን አሉህ? የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አያባራም። ሁለተኛውን ለመናገር ግን ከአውቶቡስ ተራ መነሣት አለብኝ፤ ከዚያም በፊት ለምን እንደሄድኩ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርቴም የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ። መሣሪያ የለውም፣ ቤተ ሙከራ የለውም፤ እናቴ «ወረቀት ማጥቆር» ትለዋለች። በአገር ውስጥ በዚህ ዘርፍ ለመመረቅ የቀረብኩት የመጀመሪያው እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ ከወደቅሁ ዘርፉም አብሮኝ ይወድቃል ይባል ነበር። «ለምርት ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ሰዎች በየስብሰባው አይጠፉም። ደንቡ ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሆነ፣ በዘርፉ ዶክትሬት ያለው ፈታኝ ካልፈረመ መመረቅ የለም ይላል። ከባሕር ማዶ ይመጣሉ የተባሉት ፈታኝ ሳይመጡ ቀሩ። በአገር ውስጥ የነበሩን አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

እኚህ ሰው ዶክተር ዋቅጅራ ይባላሉ፤ የጎሬ ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ውጭ አገር ሳሉ፣ ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ቀመሩ በፈረንጅ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር በስማቸው ይጠራል። አገራቸው ተመልሰው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከእጃቸው የወጡት ተማሪዎች ናቸው ዛሬ እኛን የሚያስተምሩን። አባታቸው ሲታመሙ «ለአንድ ዓመት» ብለው ወደ ኢሉባቦር ሄዱ፤ አባታቸውን ቀብረውም አልተመለሱም፤ መቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ እያስተማሩ በዚያው ቀሩ። አማካሪዬ ቴሌግራም ላከላቸው፤ «ይምጣ» የሚል መልስ መጣ።

አማካሪዬ በቴሌግራሙ ያልጻፈው አንድ ነገር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ የዶክተር ዋቅጅራ ቀመር ስህተት አለበት ይላል። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ። በጠጣር ነገር ውስጥ የተሰነቀሩ ባዕድ ቅንጣቶች ሙቀቱ ሲያልፍ ያደናቅፉታል። የሳቸው ቀመር እያንዳንዱን እንቅፋት ለብቻው ይቆጥራል። እኔ የምለው፣ እንቅፋቶቹ ሲቀራረቡ ተባብረው ያደናቅፋሉ፤ ያኔ ቀመሩ አይሠራም። የሚተባበሩበትን ክፍል ዶክተር ከስሌታቸው መካከል «ኢምንት ነው» ብለው ጥለውት አልፈዋል። እንግዲህ እኔ የምሄደው እሳቸውን «ተሳስተዋል» ለማለትና በዚያውም «ያሳልፉኝ» ለማለት ነው።

ማክሰኞ

እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችውን የመንዝ ባና ሻንጣዬ ውስጥ አጣጥፌ፣ የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ፣ ጽሑፌን በላስቲክ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ዶሮ ይዘው ነበር። ሲያስመልሳቸው ዶሮዋን እኔ ያዝኩላቸው፤ ሲሻላቸው ውለታ ለመመለስ ወረቀቴን እሳቸው ታቀፉልኝ። እስከ ወሊሶ እንዲህ ሄድን። ዶሮዋ ከጽሑፌ ይልቅ ጸባይ ነበራት፤ አንዴም አላስጨነቀችኝ።

እኛ አገር ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ አይተህ ወዳጅ ይሁን አበዳሪ ለመለየት ጊዜ አለህ። ከግቤ ማዶ ግን ዛፉ መንገዱ ላይ ተደፍቶ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አታይም። ጅማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አልጋ ቢጠፋ የአጋሮ ማር ነጋዴ አልጋውን አካፈለኝ። ሲያንኮራፋ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት ግን ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝና ሁሉንም ይቅር አልኩት።

ረቡዕ

ከጅማ በአጋሮ፣ ዴዴሳን ተሻግረን በደሌ ስንደርስ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሁላችንም ወረድን። ጠባቂው ወረቀቴን ከላስቲኩ አወጣና ገለጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ ጓድ። ሒሳብ ነው።»

አንዱን ገጽ አየ፤ ሌላውን አየ፤ እስከ መጨረሻው አገላበጠ። «ሒሳብ ከሆነ ቁጥሩ የታለ?»

እውነቱን ነው። በእኛ ትምህርት ቁጥር የሚገኘው የገጹ ግርጌ ላይ ነው፤ የቀረው ሁሉ ፊደል ነው።

«ፊደሉስ የማን ነው?»

«የግሪክ።»

«ከግሪክ ጋር ምን አገናኘህ?»

ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተቀመጠበትን ዱካ ለቀቀልኝ፣ እየጠበሰ ከነበረው በቆሎም ግማሹን ሰጠኝ። ግን የምስጢር ጽሑፍ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለ ጠረጠረ ከከተማው የፊዚክስ መምህር እስኪመጣ አልለቅህም አለ። ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀና ሄደ። ሻንጣዬም ከነባናው ጣራው ላይ እንደ ታሰረ ሄደ።

መምህሩ ቶሌራ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ጃንጥላውን ሳያጥፍ የመጀመሪያውን ገጽ አየና «ዶክተር ዋቅጅራ ጋ ነው የምትሄደው?» አለኝ።

ጠባቂው ብድግ አለ። «የመቱው ዶክተር? አንተ ሰውዬ፣ ይህን መጀመሪያ ብትናገር ኖሮ በቆሎዬን አትበላብኝም ነበር» አለ። ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

በዚያ ቀን ሌላ መኪና ስላልነበረ ቶሌራ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ «ታኢ፣ ታኢ» እያለች እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችኝና አንጮቴ አቀረበች። አንጮቴ ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ድንች ልላችሁ አሰብኩና ድንችን ማስከፋት ሆነብኝ። እኔ ስበላ ቶሌራ ጽሑፌን ያነባል። እሱም የዶክተር ተማሪ ነው፤ የአውራጃው የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን አብዛኞቹ የሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ያነበበው ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«ይህን ፊታቸው ቆመህ ልትላቸው ነው?»

«ምን ላድርግ? ደንቡ ነው።»

«እኔ ብሆን ዴዴሳን አልሻገርም ነበር» አለ። ቆይቶ ግን ሳቀና «እንግዲህ ቅዳሜ እንገናኛለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙግት አለን» አለኝ። ዶክተር መምህራኑን ቅዳሜ እየሰበሰቡ ፊዚክስ እንደ ድሮው ችሎት ያሟግቷቸዋል። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ የቀሩት ዳኛ ይሆናሉ፤ በእሰጥ አገባ ይወራረዳሉ። ስብሰባ ያለ ፈቃድ ስለማይቻል በውይይት ክበብ ስም ተመዝግበዋል። ቀበሌውም በአውራጃው እንደዚህ የሚጮህበት ክበብ የለም እያለ ያመሰግናቸዋል።

ሐሙስ

ቶሌራ ጋሽ ሸምሱ ከሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ጋር አስተዋወቀኝ። ጨውና ሳሙና ጭነው ወደ መቱ ይሄዱ ነበር፤ መኪናቸውን ራሳቸው ይነዳሉ። ከያዮ ወዲያ ያለው መንገድ መንገድ ነው ከተባለ ስሙን ያገኘው በልመና ነው። ጋሽ ሸምሱ አንዱን ጉድጓድ ሸሽተው መሪውን ሲያዞሩ ሁለተኛው ይቀበላቸዋል፤ ከሁለተኛው ሲወጡ ያ የሸሹት የመጀመሪያው የኋላ ጎማውን ይይዘዋል። በመጨረሻ ጭቃው እስከ አክሰሉ ዋጠን።

ከጫካው ማር ቆርጠው የሚመለሱ ሰዎች መጡ። ማንም አልለመናቸውም፤ ዕቃቸውን አውርደው ቅጠል ጎማው ሥር ጎዘጎዙና ገፉ። እኔም ገፋሁ፤ ጎማው ከሁሉም መርጦ እኔን ጭቃ አለበሰኝ። ሲስቁብኝ ቆዩና አንደኛው ማር በቅጠል ቆርሶ ሰጠኝ። ደብረ ብርሃን ማር የሚቀመሰው ለሳል ነው፤ እዚህ ለወደቀ ሰው ማጽናኛ ይሰጣል። ጋሽ ሸምሱ መንገዱን ሁሉ ዶክተርን ሲያመሰግኑ ሄዱ። ልጃቸውን አስተምረው ጅማ ኮሌጅ አስገብተውላቸዋል። ስማቸውን በሰማሁ ቁጥር ጉልበቴ ላይ ያለው ወረቀት ይከብደኝ ጀመር። ሰው የሚወደውን ሰው ልነካ መሄዴ ነው፤ ፈራሁ።

መቱ ደርሰን ቤታቸውን ሳንኳኳ ሻንጣዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የአውቶቡሱ ሾፌር ሻንጣው ላይ ያሰርኩትን የዶክተርን አድራሻ አይቶ ራሱ አድርሶት ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸውና ሰላም ከማለታቸው በፊት ጭቃው ውስጥ ቁስል እንዳለ ጠየቁኝ። ዶክተር ከኋላቸው መጡ፤ አጭር፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ጣቶቻቸው በጠመኔ የደረቁ ሰው ናቸው። በቃሌ ላስረዳቸው ቃላት አዘጋጅቼ ነበር።

«ስጠኝ» አሉና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «እኔ ሁልጊዜ መደምደሚያውን ነው መጀመሪያ የማነበው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የመጨረሻውን ገጽ ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን እኔ ልፈትን አልችልም።»

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማስቀየም አስቤ...»

«አላስቀየምከኝም። በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛ የሚሆን ሰው ግን አይተህ ታውቃለህ? ባሳልፍህ አድልቶ ነው፣ ብጥልህ ቂም ይዞ ነው ይባላል። ለሌላ ሰው ስጡት።»

«ሌላ ሰው የለም» አልኩ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ሰው ጨዋነት ሊቀር ሆነ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው መርገም ይቻላል።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እስከ ቅዳሜ ቆይ። እስከዚያ ላንብበው» አሉኝ።

ዓርብ

ቤት ውስጥ ብቀመጥ ሰውየው ሲያነቡ ፊታቸውን ሳጠና እንደምውል ገብቷቸው፣ «ሂድ የሶርን ፏፏቴ እይ፤ መቱ መጥቶ ሶርን ሳያይ የሚመለስ የለም» ብለው አባረሩኝ። እስከ በቾ በመኪና፣ ከዚያ በእግር በጫካው ውስጥ ነው። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩኛል። ፏፏቴው ገና ሳይታይ መሬቱ ይነግርሃል፤ ከእግርህ ሥር ይሰማሃል። ስለ ውበቱ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ፤ እኔ ያየሁት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ቀና ብዬ ሳይ አዳልጦኝ በቂጤ እስከ ታች ወረድኩ።

ሱሪዬ ሁለት ቦታ ተቀደደ። ስመለስ ከመንገዱ ዳር ያለ ቤት ባለቤቶች አዩኝና አስገቡኝ። ባልየው የራሱን ሱሪ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሚስቲቱ «ኛዱ» እያለች ጎደሬና ወተት አቀረበች። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ አማርኛቸውም እንደዚያው። ግን ዶክተር ዋቅጅራ ስል ባልየው ደረቱን መታና የሆነ ረጅም ነገር ነገረኝ፤ ልጁን አስተምረውለት ይሁን ወይም ዘመድ ይሁኑ አላወቅሁም። እስከ ቅልጥሜ በምትደርስ ሱሪ መቱ ስገባ የገበያው ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ሱሪዬን አይተው አልሳቁም።

«ከትናንት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም» አሉኝ። «ያነባል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል። አንተ ልጅ፣ ልታፈርስበት ነው የመጣኸው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ቀመሩ ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የማይሆንበትም...»

«እኔ ፊዚክስ አላውቅም። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ይህን አውቃለሁ። በሰው አገር ስሙን የምታስጠራለት ያቺ ሒሳብ ብቻ ናት። ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ሲመጣለት ገልጦ ‹ይኸው አለች› ይለኛል። ነገ እዚያ ሁሉ ተማሪው ፊት...» ቃሉን አልጨረሱትም። መርፌያቸውን መልሰው ያዙ።

በዚያች ሰዓት ወረቀቴን ይዤ ብመለስ ደስ ባለኝ ነበር፤ ዲግሪውም ይቅር ብዬ ነበር። አልሄድኩም፤ አውቶቡስ ስላልነበረ ይሁን ወይም እውነት ስለ ጨከንኩ ዛሬም አላውቅም።

ቅዳሜ

መምህራኑ ከሁሩሙ፣ ከጎሬ፣ ከያዮ በጠዋት መጡ። ቶሌራ ከበደሌ እርጥብ ሆኖ ደረሰ። ዶክተር በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው አጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ።

«ይህ ወጣት ከሶኛል» አሉ። «በጉዳዬ ላይ ዳኛ መሆን አልችልም፤ ተከሳሽ መሆን ግን እችላለሁ። ካልረታኝ አልፈርምለትም። ከረታኝ የተረታው ሰው ራሱ ፈርሞ ይሰጠዋል፤ የተረታ ሰው ፊርማ ከዳኛ ፊርማ ይበልጣል። አዝናችሁልኝ እንዳታደሉልኝ።»

ዋና ዳኛ የጎሬዋ የባዮሎጂ መምህር ወይዘሪት አበበች ሆኑ። እትዬ አስካለ ሹራባቸውን ይዘው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ተጠየቅ» አልኩ። የጫጩት ድምፅ ወጣኝ።

«ልጠየቅ። ምን ትሰጣለህ?»

ተማሪ ምን አለው? «የመንዝ ባናዬን እሰጥ» አልኩ።

«አንድ ገንቦ የያዮ ማር አገባ» አሉ።

ትናንት እህል ያልበላው ሽማግሌ የት እንደ ሄደ እንጃ፤ ፊቴ የቆመው ሌላ ሰው ነበር። «እንቅፋቶቹ እጅግ የተራራቁ ቢሆኑስ? ያንተ ቀመር ምን ይላል?» አሉኝ። የሳቸውን ቀመር መልሶ እንደሚሰጥ በሰሌዳው ላይ አሳየሁ። ዳኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

«መልካም። እንግዲህ እኔ የጣልኳትን ቁራጭ አንተ አንሥተህ አምጥተሃል። ቁራጯ ኢምንት ናት፤ አንተም በራስህ ገጽ ላይ ኢምንት መሆኗን ጽፈሃል። ኢምንትን ምስክር አድርገህ እንዴት ትቆጥርብኛለህ?»

ይህን በጽሑፌ ውስጥ ብዙ ገጽ ፈጅቼ አሳይቻለሁ። አሁን ጠመኔ ይዤ ስዞር ግን አንድ ምልክት ጠፋኝ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። ዶክተር አልራሩልኝም፤ «እንጠብቅሃለን» እያሉ ቆሙ። ቶሌራ ወለሉን ያያል። የእናቴ ባና ከእጄ ሲወጣ ታየኝ፤ ከባናው ጋር የሚሄደውም ሁሉ።

«ከሳሽ» አሉ ወይዘሪት አበበች፣ «ፊደሉን ተወውና በሰው ቋንቋ ንገረን።»

ወደ ዳኞቹ ዞርኩ። ከዚያ የያዮ መንገድ ትዝ አለኝ። «ከያዮ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ» አልኩ። «አንድ ጉድጓድ ለብቻው ቢሆን ሾፌር ይዞረዋል፤ ምንም አይደለም። ሁለት ተጠጋግተው ሲገኙ ግን ከአንዱ ስትሸሽ ሌላው ውስጥ ትገባለህ። ጉድጓዶቹን ለየብቻ ብትቆጥር መቱ ትደርሳለህ፤ መንገዱን ብትሄድበት ግን ያዮ ታድራለህ።»

ሳቅ ሆነ። ዶክተር እጃቸውን አነሡ። «ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ግን ሒሳብ አይደለም። እኔ እያንዳንዷ ኢምንት ናት ነው የምለው። አንዷም ኢምንት፣ ሁለቷም ኢምንት፣ ሺህ ቢሆኑም...»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሁላችንም ዞርን። እትዬ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሊናገሩ አስበው አልነበረም፤ ሹራብ እየሠሩ ሲሰሙ አምልጧቸው ነው። ፊታቸው ደነገጠ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ዶክተር ግን አልሳቁም፤ ባለቤታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

«በተከሳሽ ቤት የተገኘ ምስክር አይሻርም» አሉ። ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። «ጠመኔውን ስጠኝ።»

እኔ ያቆምኩበት ጋ ሄዱ። የጠፋኝን ምልክት በቦታው አስቀመጡ። ከዚያ ያቺን ራሳቸው የጣሏትን ቁራጭ ጻፉ፤ አጠገቧ ሁለተኛዋን፤ አጠገቧ ሦስተኛዋን። እየደመሩ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ የሚሰማው ጠመኔውና የጣራው ዝናብ ብቻ ነበር። የሰሌዳው ጫፍ ሲደርሱ ድምሩ አልቀነሰም፤ አደገ። እኔ በብዙ ገጽ ያሳየሁትን በአንድ ሰሌዳ አሳዩት፤ በራሳቸው ላይ።

ዞሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ለዳኞቹ እጅ ነሡ። «ተረታሁ» አሉ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እንባዬ ነው የመጣው። ዶክተር አይተውኝ ጠጋ አሉና «ምን ያስለቅስሃል? ማሳዬን አልቀማኸኝም፤ ድንበሩን አሳየኸኝ። ድንበሩን የማያውቅ ሰው የኔ ነው ቢል ማን ያምነዋል?» አሉኝ። ማሩን እንደ ወጉ ዳኞቹ በሉት። ቶሌራ ከሁሉም አብልጦ በላ።

እሑድ

እሑድ አውቶቡስ የለም። ዶክተር የፈተናውን ወረቀት ፈርመው ሰጡኝ። ያ ፊርማ ምን እንዳደረገልኝ ታውቃላችሁ፤ ድግሱን በልታችኋል። ዘርፉም አልተዘጋም፤ ከእኔ በኋላ የገቡ ልጆች አሉ።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ሳለን ቁራጯን ለምን እንደ ጣሏት ጠየቅኋቸው።

«አገሬ ናፍቆኝ ነበር» አሉ። «ይዣት ብቀጥል ሌላ ክረምት እዚያ መቀመጤ ነው። ‹ኢምንት ናት› ብዬ ጣልኳትና መጣሁ። አንዳንዴ ትዝ ትለኝ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ተውኳት።»

«ይቆጭዎታል?»

«ትናንት ጠዋት ይቆጨኝ ነበር።» ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ቀመሬን የጠቀሱ ብዙ ናቸው። ሁሉም አመስግነው አለፉ። እስከ ስህተቴ ድረስ ያነበበኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ሰኞ

ሻንጣዬን ረዳቱ ጣራው ላይ አስሮታል፤ ባናዬም አብሮኝ ተመላሽ ነው። የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ዓርብ ስለነበረ ጊዜ ነበረኝ፤ ግን ሰው ቤት መክበዴ በቃ ብዬ ቦታዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ዶክተር ዋቅጅራ በጃንጥላ ሲሮጡ መጡ። እትዬ አስካለ ከኋላቸው «ቀስ በል፣ ሰውዬ» እያሉ ይከተላሉ።

በመስኮቱ አንድ ወረቀት አቀበሉኝ፤ ከላይ እስከ ታች የተጻፈበት። «እንቅፋቶቹ ጨርሶ ሲነካኩስ? ያንተ ጽሑፍ እዚያ ጋ ይቆማል። እስቲ ይህን እይልኝ» አሉኝ። አገራቸው ከገቡ ወዲህ የጻፉት የመጀመሪያ አዲስ ስሌት መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

አነበብኩ። «ሁለተኛው መስመር ላይ ምልክቱ የተገለበጠ ይመስለኛል፣ ዶክተር።»

«የቱ ጋ?»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩና በጣቴ አሳየኋቸው። እስክርቢቶ አወጡ፤ ወረቀቱን የአውቶቡሱ ጎን ላይ አስደግፈው ማረም ጀመሩ። «እንግዲያስ ሦስተኛውም ይለወጣል» አሉ ለራሳቸው። ዝናቡ ቀለሙን ያፈሰዋል፤ ሾፌሩ ይነፋል፤ እሳቸው አንዱንም አልሰሙም። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ አንዴ ወረቀቱን አንዴ በሩን ሳይ፣ እትዬ አስካለ በመካከላችን አልፈው ወደ ጣራው ቀና አሉ።

«አንተ ረዳት» አሉ፣ «ያንን ሻንጣ አውርድልን። ልጃችን ዛሬ አይሄድም።»